የአዋላጇ መደብ

ጋሼ ምላጭ ያደገ ነገር ሁሉ ለመቆረጥ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ነበር። ሙያው ፀጉር አስተካካይነት ነው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሁለት ወንበርና አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ባለው ሱቁ ውስጥ የሰፈሩን ራስ ሲከረክም ኖሯል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ግማሾቹ ለእጁ ብለው፣ ግማሾቹ ለምላሱ። ጢሙ የተንጨባረረ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኝ ከሰላምታው በፊት አገጩን ይዞ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ጥላለት ከሞተች ወዲህ ሌላ አላገባም። ልጁን ለብቻው አሳደገ። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ፀጉሯን ራሱ እየጎነጎነ ወደ ትምህርት ቤት ይልካት ነበር፤ መስመሩ ቀጥ ካላለለት ፈትቶ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እሷም «አባዬ፣ ረፈደብኝ እኮ!» እያለች ታለቅሳለች።

ያቺ ልጅ አድጋ ስታገባ፣ ከሰው ሁሉ መርጣ የአዋላጇን ልጅ አገባች።

አዋላጇ የእሱ ሱቅ ባለበት ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ከጤና ጣቢያ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። የሰፈሩን ጎረምሳ ግማሹን ገና ሲወለድ ቂጡን መትታ ያስለቀሰችው እሷ ስለሆነች ማንንም አትፈራም። ልጇ የማንን ልጅ እንደወደደ ሲነግራት፣ ደረጃው ላይ ጎረቤት እየሰማ፣ «የፀጉር ቆራጩን ልጅ? ደግ ነው፤ ሌላው ቢቀር በነፃ እንላጫለን» አለች። ወሬው ለምሳ ሳይደርስ ሱቁ ገባ። ጋሼ ምላጭ በዚያን ሰዓት የያዘውን ሰው ጆሮ ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ሠርጉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶውን ያየ ሰው ግን ሁለቱም ጥርሳቸውን ነክሰው እንጂ ስቀው እንዳልተነሡ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ አንቱ እየተባባሉ ይጠላላሉ።

ጥላቻው ሥር የሰደደው ግን አትክልቱ ቦታ ላይ ነው።

ከሕንፃው ጀርባ ድሮ ለጡብ የሚሆን አፈር ይቆፈርበት የነበረ ባዶ ቦታ አለ። ነዋሪው ተሰባስቦ ቆሻሻውን አነሣና መደብ መደብ አድርጎ ተከፋፈለው። ጋሼ ምላጭ ረጅም የውኃ ጎማ ስላመጣና ከሁሉም በላይ ስለሚጮህ የአትክልቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ተደረገ። መደቡን በሲባጎ ለክቶ ቀጥ ቀጥ አድርጎ አወጣ። ዱባው በረድፍ፣ ኪያሩ በረድፍ፣ ቃሪያው በረድፍ። አረም ሲያይ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ እንደ ሽበት ይነቅላታል።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው መደብ የደረሰው ለአዋላጇ ነበር። ያ መደብ ለዓይኑ እንደ ጉድፍ ሆነበት። ጎመኗን ሳትቀነጥስ ትተወዋለች፤ ወገብ ድረስ ያድግና ቢጫ አበባ ያወጣል። ድንብላሉም በሶብላውም ይበቅላል፣ ያብባል፣ ማንም አይነካውም። የደረቀው የሱፍ አበባ አገዳ እንደ ቆመ ይከርማል። በመደቧ ጫፍ ደግሞ ቁፋሮው ሲቆም የቀረ፣ ከሰው ደረት የማይበልጥ የሸክላ አፈር ግድግዳ አለ። እሱንም ራቁቱን ተወችው። ፊቱ በሚስማር የተበሳ ይመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ በየቀዳዳው ንብ ትወጣለች፣ ንብ ትገባለች።

«ይሄ መደብ ነው ወይስ ያልተበጠረ ራስ?» ይላል ጋሼ ምላጭ፣ እሷ እየሰማች፣ ለማንም እንዳልተናገረ።

«አንዳንዱ ሰው ደግሞ ራሱ ላይ ምንም ስለሌለ በሰው ፀጉር ይቃጠላል» ትላለች እሷ፣ ለጎመኗ እንደምትነግር። እውነቷን ነው፣ ጋሼ ምላጭ ራሰ በራ ነው።

አንድ ቀን የአትክልተኞቹን ስብሰባ ጠራ። ሰዉ በጡብና በባልዲ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ምላጭ ጉሮሮውን ጠረገና ሐሳቡን አቀረበ፦ ከጉልበት በላይ ያደገ የማይበላ ነገር ሁሉ ይቆረጥ፣ ያ የተበሳሳ ግድግዳም በሲሚንቶ ይለሰን።

«ነገ ልጅ ቢነደፍ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ።

«እስካሁን የማን ልጅ ተነደፈ?» አለች አዋላጇ ከተቀመጠችበት።

«እስኪነደፍ እንጠብቅ?»

«እርስዎ በምላስዎ የነደፉትን ያህል ሰው እነሱ አልነደፉም።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ተነሣችና ወደ ግድግዳው አመለከተች። «እነዚህ የቀፎ ንቦች አይደሉም። የሚጠብቁት ማር የላቸውም። እያንዳንዷ ብቻዋን ጉድጓዷን ትቆፍራለች፣ ከአበባ ዱቄት ትሸከማለች፣ እንቁላሏን ታኖርና ትደፍነዋለች። ካልጨበጧት አትነድፍም። እኔ አበባውን የምተወው ለእነሱ ቀለብ ነው። የእርስዎን ዱባ የሚያስረግዙትም እነሱ ናቸው።»

«የእኔን ዱባ ያሳደገው ፍግና ውኃ ነው።»

«ውይ!» አለች አዋላጇ ወደ ሰዉ ዞራ። «ለመሆኑ እኚህ ሰው ልጃቸው እንዴት እንደተወለደች ማን ነግሯቸው ይሆን?»

ከአትክልተኞቹ አንዷ የሆነችው የሹፌሩ ሚስት ሳቋ አምልጧት ከባልዲው ላይ ወደቀች። ጋሼ ምላጭ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ራስ ሳይጠና ጉተና! የራሷን መደብ ማጽዳት ያቃታት ሴት እኛን ልታስተምር!» ብሎ ጮኸ፤ ግን ሳቁ ድምፁን ዋጠው። ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይደር ተብሎ ስብሰባው ተበተነ። ጋሼ ምላጭ ብቻውን ቀርቶ ጎማውን ጠቀለለ።

በማግሥቱ ልጁ ሱቅ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የራሳቸው ቤት እስኪያገኙ የሚኖሩት ከአዋላጇ ጋር ነበር። ባዶው ወንበር ላይ እያቃሰተች ተቀመጠች። በሌላው ወንበር ላይ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ዓይኑን ጨፍኗል።

«አባዬ፣ ተዋት።»

«ማንን?»

«ማንን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ እዚህ የምትናገረው ማታ ከእራት ጋር ይቀርብልኛል። እሷ እዚያ የምትናገረው ደግሞ እዚህ ይጠብቀኛል። ሆዴ ውስጥ ያለው ሳይወለድ ስድብ ለምዷል።»

«በሕዝብ ፊት አዋረደችኝ እኮ! ስለ እናትሽ ነው የተናገረችው።»

«ስለ እማዬ አልተናገረችም። ስላንተ ነው የተናገረችው። አንተ ደግሞ ጀምረሃታል።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣ «ደክሞኛል፣ አባዬ» አለች። ሄደች።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «አንድ ዓይን ያለው ሰው በአፈር አይጫወትም» አለ።

«አፍህን ካልዘጋህ ከንፈርህን እቆርጠዋለሁ» አለው ጋሼ ምላጭ።

ብዙም ሳይቆይ አዋላጇ በሌላ ከተማ የምትኖር እህቷ ታማባት ሄደች። ስትሄድ ሻንጣዋን እየጎተተች በሱቁ በር ላይ አለፈች፤ ሰላምም አላላትም፣ ደህና ግቢም አላላትም። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣለት። ተመካክሮበት አላደረገውም፤ ቶንዶሱን ነቅሎ ሱቁን ዘጋና ሕንፃው ደረጃ ላይ ይሠራ ወደነበረው ግንበኛ ሄደ። «የተረፈህን ሲሚንቶና አሸዋ ይዘህ ከኋላ ና» አለው። «ኮሚቴው ወስኗል።»

ኮሚቴው ምንም አልወሰነም ነበር።

ግንበኛው አሸዋውን እስኪያደርስ ጋሼ ምላጭ ማጭዱን ይዞ መደቧ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ጎመኑን አጨደ። ቀጥሎ ድንብላሉን፣ በሶብላውን፣ የቆመውን አገዳ። ሽታው እስከ መንገድ ደረሰ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ወር ሙሉ ያልተስተካከለ ጎረምሳ እጁ ላይ የገባለት ያህል ነበር። ያጨደውን ተሸክሞ ቆሻሻ መጣያው ላይ ደፋው። ሲመለስ መሬቱ ልሙጥ ሆኖ ጠበቀው። ወገቡን ይዞ በኩራት ተመለከተው።

ግንበኛው ሲሚንቶውን አቡክቶ ግድግዳውን መለሰን ጀመረ። ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ የሚለስንበትን ካዙላ ያዝ አድርጎ ጆሮውን ወደ አፈሩ አስጠጋ።

«ጋሼ፣ ውስጥ አሉ እኮ።»

«እነማን?»

«ሲያጉረመርሙ እየሰማሁ ነው።»

«ጆሮህ ነው። ሥራህን ሥራ።»

ግንበኛው አንድ ጊዜ አየውና ሥራውን ቀጠለ። ሲጨርስ እቃውን አጥቦ ሄደ።

ጋሼ ምላጭ ሊሄድ ሲል ንቦቹ ተመለሱ። ቀን ሙሉ ሲለቅሙ የዋሉት ናቸው፤ እግራቸው በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኗል። እንደ ለመዱት ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው መጡና ፊቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና መጡ። አንዳንዶቹ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አርፈው ተጣበቁ፤ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ እንጂ አይነሡም። የቀሩት አየር ላይ ሆነው በሯ የጠፋባት ሴት እንደምትፈልገው ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ፈለጉ። ጋሼ ምላጭ ሊሄድ ያነሣውን እግሩን መልሶ አሳረፈ። አንዷን ከሲሚንቶው በጥፍሩ ሊያላቅቃት ሞከረ፤ ክንፏ እዚያው ቀረ።

«እንግዲህ ነፍሳት ናቸው» አለ ጮክ ብሎ፤ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ያን ቀን እራት አልበላም።

አዋላጇ በተመለሰች ቀን ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሻንጣዋን እንደያዘች ገባች። ከታክሲው ወርዳ መጀመሪያ ወደ መደቧ እንደሄደች ጫማዋ ላይ ካለው አፈር ያስታውቃል። ጋሼ ምላጭ ልትጮህ ነው ብሎ ጠበቀ፣ መልሱንም አሰናድቶ ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም።

«አንተ» አለችው።

አንቱታው ቀረ። አረፋ የተቀባው ደንበኛ እንኳ ዓይኑን ገለጠ።

«አንተ፣ እህቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ምላጭ መሞቷን አልሰማም ነበር። «ነፍስ ይማር» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ለእኔ ነፍስ ይማር አትበለኝ። እኔ እህቴን ስቀብር አንተ ከጀርባዬ መጥተህ ንቦቼን ቀበርክብኝ። ግንበኛው ነግሮኛል፤ ከነነፍሳቸው ነው የደፈንካቸው።»

«ለልጆች ብዬ ነው። ለልጅ ልጃችን…»

«ስለ እሱ አታንሣ። ልጅህ ነገ ከነገ ወዲያ ትወልዳለች። የምትታረሰው እኔ ቤት ነው። አንተ ያንን ደፍ አትረግጥም። ሲያለቅስ ከደረጃው ትሰማለህ፣ ሲስቅ ከደረጃው ትሰማለህ።»

«የልጄን ልጅ ልትከለክዪኝ?»

«በሩን ለሰንኩብህ። ንብ ብትሆን ይገባህ ነበር» አለችና ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ጋሼ ምላጭ ወደ ደንበኛው ዞረ፤ አረፋው ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር። እንደገና ሳሙና ቀባው።

ከዚያ ዱባው አበበ። ትልልቅ ቢጫ አበባ በየረድፉ ተከፈተ። ከሥራቸው የጣት ጫፍ የምታህል ዱባ ብቅ ትላለች፣ ትቆያለች፣ ቢጫ ትሆናለች፣ ትወድቃለች። የእሱ ብቻ አይደለም፤ የሹፌሩ ሚስት ኪያር አንድ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ጎኑ እንደ ጅራት ቀጠነ። የታችኛው ፎቅ ባልና ሚስት የዘሩት ሐብሐብ ጭራሹን አልያዘም። ጋሼ ምላጭ መጀመሪያ ዘሩ ነው አለ፣ ቀጥሎ ፀሐዩ ነው አለ፣ በመጨረሻ ውኃው ክሎሪን በዝቶበታል አለ። ሰዉ ይሰማና ሁሉም ዞሮ ያን ግራጫ ግድግዳ ያያል።

አንድ ጠዋት ሰው ሳይነቃ ወረደ። ኪሱ ውስጥ የመላጫ ሳሙና የሚቀባበትን ለስላሳ ብሩሽ ይዟል። ፍሬ የሌለበትን አበባ በብሩሹ ጫፍ ነካ ነካ ያደርግና፣ ዱቄቱን ወስዶ ትንሿ ዱባ ያለችበት አበባ ውስጥ ያሽከረክረዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተንፏቀቀ፣ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ እንዲህ ሲያደርግ የሹፌሩ ሚስት ከበላዩ ልብስ ልታሰጣ በረንዳዋ ላይ ወጣች።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «አበባውን እየላጩት ነው?»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጋሼ ምላጭ የሚለው ስም ጠፋ። ጋሼ ንብ ተባለ። ልጆች በሱቁ ደጅ ሲያልፉ «ዝዝዝ» ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ እንደ ልጆቹ አልቀለዱም። ግንበኛው ኮሚቴው ወስኗል ተብሎ እንደታዘዘ ለሁሉም ተናገረ፤ ሰዉ ስብሰባ ጠርቶ፣ እሱ ባለበት፣ እሱን ሳያናግር ከሊቀመንበርነቱ አወረደው። የውኃውን ቁልፍ የሹፌሩ ሚስት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሁሉም ተነሥቶ ወደየመደቡ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፀጉር ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ሳይቀር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ አየው። እጅ ነሣው እንጂ ከወንበሩ አልተነሣም።

ልጁ ወንድ ልጅ ወለደች። ጋሼ ምላጭ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ቆሞ ነበር የዋለው፤ አዋላጇ ውስጥ ናት፣ ጥበቃዎቹ ሁሉ ያውቋታል፣ እሱን አላስገቡትም። ሲወጡ አማቹ እቃ ተሸክሟል፣ ልጁ ቀስ እያለች ትራመዳለች፣ ሕፃኑን ያቀፈችው አዋላጇ ናት። ጋሼ ምላጭ ተጠጋ። ከጨርቁ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ፀጉር ብቻ ብቅ ብሎ ታየው፤ የጨቅላው ራስ በፀጉር ጢም ብሏል። አዋላጇ ጨርቁን ሸፈን አደረገችውና ታክሲ ውስጥ ገባች።

ሰባት ስምንት ቀን ታገሠ። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣና አንኳኳ። አዋላጇ በሩን በትንሹ ከፈተች።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አጥፍቻለሁ። ይኸው ተናገርኩ። አሁን ልየው።»

«ይሄ ይቅርታ ነው?»

«ምን ላድርግ ነው የምትዪው? እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

«ብትወድቅ እረግጥሃለሁ።»

«አንቺም እኮ ንጹሕ አይደለሽም! ገና ከመጀመሪያው የፀጉር ቆራጭ ልጅ ብለሽ…»

«አልኩ! አሁንም እላለሁ!»

«ድሮም ክፉ ሴት ነሽ!»

ሕፃኑ ውስጥ ማልቀስ ጀመረ። የሴት ልጁ ድምፅ ከኋላ መጣ። «በቃ! ክፈቺው በሩን።» ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች። ፊቷ ገርጥቷል። አዋላጇን አየች፣ አባቷን አየች።

«እትዬ፣ ስላረስሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። አባዬ፣ ስላሳደግኸኝም እንደዚሁ። ግን ልጄን እናንተ መሐል አላሳድገውም። ባለቤቴ ሥራው አጠገብ አንድ ክፍል አግኝቷል። እንሄዳለን።»

«እኔን ጥለሽ?» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ከዚያ በፊት በአንድ ቃል ተስማምተው አያውቁም ነበር።

«ሁለታችሁንም» አለች።

ዕቃው በወረደ ቀን አዋላጇ ከላይ በረንዳዋ ላይ ቆመች፣ ጋሼ ምላጭ ከታች ሱቁ በር ላይ። ጭነት መኪናው ሲዞር ልጁ እጇን አወዛወዘች፤ ለማን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም። ቤቱ የከተማው ማዶ ጫፍ ነበር።

በዚያ ሳምንት ጋሼ ምላጭ መዶሻና መሮ ተከራይቶ ከኋላ ወረደ። አዋላጇ የታጨደ መደቧ ላይ ጎንበስ ብላ የበሶብላ ችግኝ ትተክል ነበር። አየችው። ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። እሱም ግድግዳው ፊት ተንበርክኮ ልስኑን መቅረፍ ጀመረ።

ያኔ ስድቡ መጣ። ሲሚንቶው እስኪያልቅ አላቋረጠችም። የእህቷን ሞት፣ የሰርጉን ፎቶ፣ ራሰ በራነቱን፣ እናቱ ሲወልዱት ያማጡትን ምጥ ሳይቀር አነሣችበት። «ቀስ! በላዩ አትደብድበው፣ ከጎን አንሣው! ከታች አፈሩ ከተናደ ለምን መጣህ? ድሮም እጅህ ለራስ እንጂ ለመሬት አይሆንም!» እሱ ከጎን ከጎን ማንሣት ጀመረ። ቁራጩ ሲነሣ ከበስተጀርባው የተጨፈለቁ ጉድጓዶች ይታያሉ፣ ውስጣቸው የደረቁ ንቦች፣ ከእነ ተሸከሙት ዱቄት። አንዷን አንሥቶ መዳፉ ላይ አኖራትና ቆየ። ያኔ ብቻ ዝም አለችለት።

ሲጨርስ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«የሰባበርከውን ማን ሊያነሣው ነው?» አለችው።

ሰብስቦ አነሣው። በጀርባው ተሸክሞ ሲመላለስ ዋለ። በመጨረሻው ሸክም ላይ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ «አሁንም አልወድህም» አለችው።

«ማን ውደጂኝ አለሽ?» አላት።

እሷ በመደባቸው መካከል ሲባጎ ዘርግታ እሱ እንዳያልፍ ከለከለችው። እሱም አላለፈም። በሚቀጥለው የዱባ ወቅት ግድግዳው ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ታዩ፤ የድሮውን ያህል አይደሉም፣ ሩቡንም አይሆኑም። ዱባው ትንሽ ያዘ። የሹፌሩ ሚስት ኪያሯ ቀጥ ብሎ አደገላት፤ ለጋሼ ምላጭ ግን አንድም አልቆረጠችለትም። ከማዶ ካለው ፀጉር ቤት የተመለሱለት ደንበኞች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሲላጩ ብዙ አያወሩም።

በአንድ የዕረፍት ቀን ልጁ ሳታስታውቅ መጣች። ሕፃኑ አድጎ ክንዷ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ያያል። እሷ ወደ ማንም ቤት አልወጣችም፤ ቀጥታ ወደ አትክልቱ ሄዳ በሁለቱ መደብ መካከል ባለው መተላለፊያ ቆመች። ሁለቱም እየሮጡ መጡ፣ አንዱ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ።

«እጅህ ቆሻሻ ነው» አለችው አዋላጇ።

«ያንቺስ?»

ልጁ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ ወደ መውጫው ዞረች። ሁለቱም አፋቸውን ዘጉ። ባልዲው ውስጥ ባለው ውኃ እጃቸውን ታጠቡ፣ አንዱ ከጨረሰ በኋላ ሌላዋ። ተመለሰችና ሕፃኑን መጀመሪያ ለአባቷ ሰጠች። ጋሼ ምላጭ ያንን ጢም ያለ ፀጉር በመዳፉ ዳበሰው፤ ጆሮው ላይ ወርዷል፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። «ትንሽ ቢከረከም» ሊል ሲል ልጁ አየችው፤ ተወው። ከዚያ ሕፃኑን በሲባጎው ላይ አሻግሮ ለአዋላጇ አቀበላት። እሷም ተቀበለችው። ሁለቱም ሕፃኑን ብቻ ነበር የሚያዩት።